ቡድናችን የት ነው የሚጫወተው?

ሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ የፕሪሚየር ሊጉ የመጨረሻ ቀን። ከአባቴ ጋር ስድስት ኪሎ፣ ዲኤስቲቪ ያለበት አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጠናል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ካሸነፈ ሻምፒዮን ነው። ፋሲል ከነማ ከኋላ እየተከተለው ስለሆነ ነገሩ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አልለየለትም። የዕለቱ ተጋጣሚ ደግሞ አዲስ አበባ ከተማ ነው፣ በሊጉ ለመቆየት የሚታገል ቡድን።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት የአዲስ አበባ ቡድኖች ናቸው። አንዱ ዋንጫ ይፈልጋል፣ ሌላው ላለመውረድ ይታገላል። ጨዋታው ግን ባሕር ዳር ነው፣ ከዚህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ።

ጊዮርጊስ አሸነፈ፣ ዋንጫውንም አነሳ። አዲስ አበባ ከተማ ወረደ። ካፌው ውስጥ ትንሽ ተጨበጨበ። ከዚያ አስተናጋጇ ቻናሉን ቀየረችው፣ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ማየት ፈልጎ ነበር። አባቴ ሂሳቡን ከፍሎ ተነሳ። በር ላይ ስንደርስ «ድሮ ቢሆን ዛሬ ፒያሳ መኪና አያሳልፍም ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ያቺን ቀን ያስታወስኳት የ2017 ሲዝን ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀርቷል። አንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ሙሉ ሲዝን ከቤቱ ውጭ ተጫውቶ ሻምፒዮን ቢሆን፣ የማን ሻምፒዮን ነው?

ከአራዳ እስከ ካታንጋ

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፣ ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት ዓመት። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ የአራዳ ወጣቶች ናቸው የጀመሩት። ስሙም የሰፈሩን ደብር ስም የያዘ ነው። በወረራው ዘመን ክለቡ በራሱ ስም እንዳይጫወት ተደርጎ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎም ነበር። ማለትም ይሄ ቡድን ሲፈጠር ስታዲየም የለም፣ ስፖንሰር የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። የነበረው ሰፈር ብቻ ነው።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ነበሩ። ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። አምስቱም ውስጥ የኢትዮጵያውያን ቡድን ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች ለምን እንደዚያ ይወዱት እንደነበር ከዚህ በላይ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከዚያ ስታዲየሙ መጣ። በ1954 ዓ.ም. ጥር ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው እዚያ ነው። ለአባቴ ግን ስታዲየም ማለት ዋንጫ አይደለም፣ እሁድ ማለት ነው። ከስድስት ኪሎ በእግር ይነሳል። አራት ኪሎን አልፎ፣ በቤተ መንግሥቱ ቁልቁለት ወርዶ፣ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ገደማ። እሱ የሚቀመጠው ካታንጋ ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ… ለእናንተ ምናልባት ስሞች ብቻ ናቸው። ለእሱ ትውልድ ግን «የት ነው የምትቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ «ማን ነህ?» ብሎ ከመጠየቅ አይተናነስም።

እኔንም ሁለት ሦስት ጊዜ ወስዶኛል። ጨዋታውን ብዙም አላስታውስም። የማስታውሰው ቆሎ የምትሸጠዋን ሴትዮ፣ ሻርፕና ባንዲራ በእጃቸው ሙሉ የያዙትን ልጆች፣ ስንመለስ ደግሞ ሙሉ መንገዱን ስለ አንድ ኮርና የሚከራከሩ የማይተዋወቁ ሰዎችን ነው።

ሜዳው እንዴት ጠፋ?

የ2012 ሲዝን በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በዚያው ሰሞን እኛ ሰፈር ያለው ጃን ሜዳ የአትክልት ተራ ሆኖ ነበር፣ ትዝ ይላችኋል? ከፒያሳ የተነሳው ገበያ መጥቶ ሰፈረበት። ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ተራገፈ። ገበያው ወደ ላፍቶ ተዛውሮ ሜዳው ለ2013 ጥምቀት ተጠርጎ ተመለሰልን። የሊጉ ግን አልተመለሰም።

በ2013 ሊጉ አዲስ መልክ ይዞ ጀመረ። ቡድኖች ቤታቸው ቁጭ ብለው እንግዳ መቀበላቸው ቀረና ሁሉም አንድ ከተማ ተሰብስበው ለተወሰኑ ሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው ከተማ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ፍትሐዊ ልሁን፣ ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወረርሽኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ደጋፊ ከከተማ ከተማ ሲጓዝ ጸብ የሚነሳበት ጊዜ ቀላል አልነበረም። አገሪቱም ሰላም አልነበረችም። የትግራይ ክለቦች፣ የ2011 ሻምፒዮኑን መቐለ 70 እንደርታን ጨምሮ፣ ከሊጉ ወጥተው የተመለሱት በ2017 ነው። ሌላው ምክንያት ቴሌቪዥን ነው። ካሜራና መኪና በየከተማው ከመበተን አንድ ስታዲየም ላይ ተክሎ በቀን ሁለት ጨዋታ ማስተላለፍ ይረክሳል። ሒሳቡ ግልጽ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ለወረርሽኝ ጊዜ የተበጀው መላ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ቀጠለ። ከ2014 እስከ 2017 ባሉት ሲዝኖች ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ስማቸው እየተፈራረቀ ሲመጣ አዲስ አበባ ከዝርዝሩ ወጣች። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። በቦሌ በኩል በ2008 ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም እነዚህ ሲዝኖች ሁሉ ሲያልፉ ገና ግንባታ ላይ ነበር።

ቴሌቪዥን የሰጠን

አሁን የኢኮኖሚክስ ልጅ ሆኜ ላውራ። አንድ ፕሮፌሽናል ክለብ ገንዘብ የሚያገኝባቸው መንገዶች በመሠረቱ አራት ናቸው፦ ትኬት፣ ቴሌቪዥን፣ ስፖንሰርና ተጫዋች መሸጥ። እኛ አገር ሁለተኛው መንገድ ባዶ ማለት ይቻል ነበር። በ2013 መልቲቾይስ የሊጉን የማስተላለፍ መብት ለአምስት ዓመት ሲወስድ የተዘገበው የስምምነት መጠን 68.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ የፕሮዳክሽን ወጪውን ጨምሮ። ለእኛ ሊግ ይሄ ተሰምቶ የማይታወቅ ቁጥር ነው።

ጥቅሙንም አይተናል። አቡበከር ናስር በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጠረ፣ የሊጉ ክብረ ወሰን። በዓመቱ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመው። ጨዋታዎቹ ባይተላለፉ ኖሮ ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው ያን ልጅ በየሳምንቱ የሚያይበት ዕድል አልነበረም። ስለዚህ «ቴሌቪዥን ገደለን» የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ግን የገባው ገንዘብ የወጣውን ነገር እንዳናይ ሊጋርደን አይገባም።

የወሰደብን

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በ2014 ሊጉ ውስጥ 16 ቡድን ነበር። እያንዳንዱ ከነአሰልጣኙ፣ ከነወጌሻው 30 ሰው ይዞ ይጓዛል እንበል። 480 ሰው ማለት ነው፣ ለሳምንታት ሆቴል የሚያድር፣ ሦስት ጊዜ የሚበላ። ለአስተናጋጅ ከተማው ሆቴሎች ሠርግና ምላሽ ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ለክለቡ ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ተጉዞ ሌላውን ጊዜ ቤቱ የሚያድር ቡድን ወደ ቋሚ የሆቴል ነዋሪነት ተቀየረ። ወጪው ጨመረ። የትኬት ገቢው ደግሞ፣ ደጋፊው ሌላ ከተማ ከሆነ፣ የለም ማለት ነው።

ከክለቡ ውጭ ያለውንስ ማን ቆጠረው? በስታዲየሙ ዙሪያ ሻርፕ የሚሸጠው ልጅ፣ የቆሎዋ ሴትዮ፣ ጨዋታ ሲያልቅ የሚሞላው ሻይ ቤት፣ ታክሲው። የእነዚህ ሰዎች ገቢ የማንም ሪፖርት ላይ አይገባም፣ ሲጠፋም የሚመዘግብ የለም።

ሜዳ ላይ ያለውም ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጀርመን ቡንደስሊጋ ያለ ተመልካች ሲጫወት የሜዳው ባለቤት የነበረው ብልጫ መቀነሱን ጥናቶች አሳይተዋል። ጩኸት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከአስተናጋጁ ከተማ ቡድን በስተቀር ሁሉም እንግዳ ነው። ሜዳ የሚባለው ነገር ራሱ ተሰርዟል።

እና ለምንድነው ነገሩ ሳይፈርስ የሚቀጥለው? እዚህ ላይ አሜሪካን ማየት ይጠቅማል። እነሱ ጋ የአሜሪካን ፉትቦልን አዳራሽ ውስጥ፣ ባጠረ ሜዳ ላይ የሚያጫውት «አሬና ፉትቦል» የሚባል ፕሮፌሽናል ሊግ ነበር። በኪሳራ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በ16 ቡድን እንደገና ተከፈተ። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ብሩ አልመጣም፣ ቡድኖች መውጣት ጀመሩ፣ የሊጉ ኃላፊ ተነሳ፣ ሲዝኑ የተጠናቀቀው በግማሽ ያህሉ ቡድን ነው። እዚያ ትኬት ገዢና ከፋይ ከሌለ ቡድኑ ወዲያውኑ ይፈርሳል። ጭካኔ ነው። ግን ምልክቱ ቶሎ ይደርሳል።

እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ስማቸውን ብቻ ማንበብ ይበቃል፦ ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ ኤሌክትሪክ፣ መቻል። ስታዲየሙ ባዶ ቢሆን ደመወዝ አይቋረጥም። ሃንጋሪያዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ያኖሽ ኮርናይ «ለስላሳ የበጀት ገደብ» ያለው ይሄንኑ ነው፦ ብትከስርም የሚሸፍንልህ እንዳለ ካወቅህ፣ መክሰር አያስደነግጥህም። በ2011 መጨረሻ ላይ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ለምን ይመስላችኋል? ኪስ ራሱ ልክ ሲያጣ በደንብ ለመገደብ ነው።

በዚህ መሃል በጣም የሚጎዳው ማን ነው? ደጋፊ ያለው ክለብ። ደጋፊ ለሌለው ክለብ ሐዋሳም አዲስ አበባም ያው ነው፣ ያጣው ነገር የለም። ጊዮርጊስና ቡና ግን ትልቁ ሀብታቸው እዚህ ከተማ ውስጥ ያለው ሕዝብ ነው። የሸገር ደርቢን ያለ ሸገር ማጫወት ማለት፣ ሱቅ ያለውን ነጋዴና ሱቅ የሌለውን ነጋዴ እኩል ለማድረግ የመጀመሪያውን ሱቅ መዝጋት ነው።

ሻምፒዮኖቹን ደግሞ እዩ። 2014ና 2015 ጊዮርጊስ፣ ሁለቱም ጊዜ ከምክትልነት በተነሳው በዘሪሁን ሸንገታ እጅ። 2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ። 2017 ኢትዮጵያ መድን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቅርቡ ከከፍተኛ ሊግ ያደጉ፣ ከኋላቸው ባንክና ኢንሹራንስ የቆመላቸው ክለቦች ናቸው። በደንብ ሠርተው ነው ያሸነፉት፣ ክብራቸውን አልቀንስም። ሁለት ዓመት ብቻ አይቶ ሕግ ማውጣትም የተማርኩት ትምህርት አይፈቅድልኝም። ግን ትኬት የሚሸጥበት ሜዳ ከሌለ ውድድሩ ከጀርባ ማን አለ ወደሚል ጥያቄ ማዘንበሉ አይቀርም። ጥርጣሬዬ ይሄ ነው።

«ሜዳችን» ሊሎንግዌ

ጉዳዩ የክለብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ሰኔ 2014 ላይ፣ ያ የካፌው ቀን ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከስንት ዓመት በኋላ ግብጽን! የሜዳችን ጨዋታ ነበር። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፣ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጊዮርጊስ በቻምፒየንስ ሊግ ከአል አህሊ ሲገናኝ የራሱን የሜዳ ጨዋታ ካይሮ ላይ ተጫወተ። አል አህሊን፣ ካይሮ ላይ፣ ባለሜዳ ሆኖ!

ቀልድ ይመስላል። እኛም ትዊተር ላይ ቀለድንበት። እኔም ቀልጃለሁ። አባቴ ግን አልሳቀም።

ታዲያ ምን ይሁን?

አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሳወራለት «አንቺ ናፍቆት ነው የያዘሽ፣ ዓለም በስልክ ነው ኳስ የሚያየው» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። እኔም ውጤት የማየው በስልክ ነው። ግን የእንግሊዝ ሊግ በስልካችን የሚያምረው ለምን ይመስለዋል? ሜዳው ጢም ብሎ ስለሚሞላ ነው። ቴሌቪዥን የሚሸጠው ኳሱን ብቻ አይደለም፣ የሚጮኸውንም ሕዝብ ነው። ባዶ ወንበር እየቀረጹ ለዘላለም መሸጥ አይቻልም።

እኔ ሊጉ ነገ ጠዋት ወደ ድሮው ይመለስ አልልም። መካከለኛ መንገድ አለ። ቢያንስ ከሲዝኑ አንድ ዙር አዲስ አበባ ላይ ይሁን፣ ለዚህም የስታዲየም እድሳት የሚያልቅበት ቀን ተነግሮን የምንጠይቅበት ይሁን። ክለቦች ደግሞ ደጋፊያቸውን እንደገና ይቁጠሩ። በቴሌብር ወርሃዊ የአባልነት መዋጮ መሰብሰብ ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ከአራዳ ልጆች ኪስ የተጀመረ ክለብ ወደ ኪሳችን ቢመለስ ነውር የለውም። ከፋይ ከሆንን ደግሞ ጠያቂ እንሆናለን። አሁን እኮ የሚጠይቅም የለም፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንከፍለው ነገር የለም።

ይሄን ለመጻፍ የገፋፋችኝ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። የአክስቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ሰፈር ውስጥ ሰው ሠራሽ ሣር ባለው ትንሽ ሜዳ ከጓደኞቹ ጋር ብር አዋጥተው በሰዓት ተከራይተው ይጫወታሉ። ማሊያው የማንቸስተር ሲቲ ነው። ባለፈው ልወስደው ሄጄ ስንመለስ የአባቴን የድሮ የጊዮርጊስ ሻርፕ አንገቴ ላይ አይቶ ጠየቀኝ።

«ይሄ የማን ቡድን ነው?»

«የእኛ። የአራዳ፣ የፒያሳ።»

«የት ነው የሚጫወቱት?»

«አሁን… ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ።»

ትንሽ አሰበና «እና እንዴት የእኛ ሆኑ?» አለኝ።

የቡድኑን ታሪክ ልነግረው ጀመርኩ፣ 1928፣ አየለ አትናሽ፣ ካታንጋ… ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሰማኝም፣ ስልኬን ተቀብሎ የሲቲን ውጤት ያይ ጀመር። አልፈረድኩበትም። ቡድን ታሪኩን ሰምተህ ብቻ አትወድም። አንድ ሰው እጅህን ይዞ፣ በቤተ መንግሥቱ ቁልቁለት አውርዶ፣ ቆሎ ገዝቶልህ፣ ከአንተ የሚረዝሙ ሰዎች መካከል ያቆምህ እንደሆነ ነው።

አባቴ ዘንድሮም ጉልበቱ ደህና ነው፣ እስከ ስታዲየም በእግሩ መሄድ ይችላል። ልጁም 11 ዓመቱ ነው። ሁለቱም እንዲህ ሆነው ብዙ አይቆዩም። ስታዲየሙ የሚከፈትበትን ቀን የምጠይቀው ለዚህ ነው።